ብርሃን የሚያሳልፍ ኮንክሪት ላማራችሁ፦ ቀድማችሁ ልታውቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ቤት ጀምሯል። ሰሞኑን አንድ ፎቶ ላከልኝ። የኮንክሪት ግድግዳ ነው፤ ግን ከኋላው የቆመ ሰው ጥላ ይታያል። «ሳሎኔን በዚህ ካሠራሁ ቀን ቀን መብራት ማብራት ቀረ» ብሎ ጽፎበታል። ደወልኩለትና አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። እኔ ደሴ ላይ በግንባታ ሥራ ስለምተዳደር ይህ ጥያቄ እዚህም አልቀረልኝም። ለእሱ ያልኩትን እዚህም ልበለው።

ነገሩ ውሸት አይደለም። ሃንጋሪያዊው አርክቴክት አሮን ሎሾንጺ በ2001 እ.ኤ.አ. ይዞት የመጣ ሐሳብ ነው፤ ምርቱም ሊትራኮን ይባላል። ጸጉር የመሰሉ በሺህ የሚቆጠሩ የኦፕቲካል ፋይበር ክሮች ከኮንክሪቱ አንድ ፊት እስከ ሌላኛው ፊት ይዘረጋሉ። ብርሃን በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. የሻንጋይ ኤክስፖ ላይ የጣሊያን የኤግዚቢሽን ሕንፃ የተሠራበት ደግሞ የዚሁ ዘመድ ነው፤ በፋይበር ፋንታ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ የገባበት።

የመጀመሪያው ስህተት የአክስቴ ልጅ ስህተት ነው፤ እንደ መስኮት መቁጠር። ሊትራኮን ውስጥ ፋይበሩ 4 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ያው የምናውቀው ኮንክሪት ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ፓነል ላይ ያሉትን የፋይበር ጫፎች በሙሉ አንድ ላይ ብንሰበስባቸው የሚሸፍኑት ቦታ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሽንት ቤት ላይ ከምናስቀምጣት መስኮት እንኳ ታንሳለች። ግድግዳው ደስ የሚል ፍካት ይሰጣል፤ መጽሐፍ ግን አያስነብብም። ቁጠባውንም አስሉት። አንድ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 8 ሰዓት ቢበራ በወር 2 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለዚያ ብሎ ውድ ፓነል ከውጭ ማስመጣት አይዋጥልኝም። ቀኑን ሙሉ መብራት የሚበራበት ትልቅ ሕንፃ ኮሪደር ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው፣ ግድግዳው ወዴት እንደሚዞር አለማሰብ። ፋይበር እንደ ቱቦ ነው። የተለመደው የፕላስቲክ ፋይበር የሚቀበለው ከፊት ለፊቱ ግራ ቀኝና ላይ ታች እስከ 30 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ከዚያ በላይ የተዘነበለው አይገባም። እኛ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የራቅነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ነች። ስለዚህ የቆመ ግድግዳ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ብዙም አይጠቀምም። ምሥራቅ የሚያይ ግድግዳ ጠዋት ጥሩ ይሠራል። ምዕራብ የሚያየው ከሰዓት በኋላ ይደርሰዋል፤ ደሴ ላይ ግን የጦሳ ተራራ ፀሐይዋን ቀድሞ ይውጣታል። ፓነሉ የጎረቤትን ብሎኬት በአንድ ሜትር ርቀት የሚያይ ከሆነማ ገንዘቡን ቦርከና ወንዝ ውስጥ እንደመጣል ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። «ኃይል ቆጣቢ» ሲባል ሙቀትም የሚጠብቅ ይመስለናል። ኮንክሪት ሙቀት አሳላፊ ነው፤ ፋይበሩ ይህን አይቀይረውም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ 1,850 ገደማ። ያው ፓነል ደሴ ላይ የታኅሣሥን ብርድ ያስገባል፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የከሰዓቱን ግለት። ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ከኋላው ፎም ልለጥፍ ካላችሁ ብርሃኑ ቀረ። የሚያዋጣው ከፓነሉ ጀርባ የአየር ክፍተት ትቶ መስታወት መደረብ ነው፤ እሱም ሌላ ወጪ።

አራተኛው፣ «እኛው እንሥራው» የሚለው። በተለይ የተጣለ የቴሌ ፋይበር ሰብስቦ መሥራት። አይሆንም። የረጅም ርቀት ቴሌ ፋይበር መስታወቱ 0.125 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብርሃኑ የሚሄድበት መሐሉ ግን 9 ማይክሮን (0.009 ሚሊ ሜትር) ገደማ ብቻ። ለሌዘር እንጂ ለፀሐይ አልተሠራም። ተራ መስታወት ደግሞ ሲሚንቶ ውስጥ ሲቆይ ይበላል።

እኔም ሞኝነት አላጣሁም፤ ሞክሬዋለሁ። ፒያሳ ላይ ከገዛኋት ጌጥ መብራት የፕላስቲክ ክሮቹን ነቀልኩ። በሁለት ፎም መሐል ወጥሬ፣ ጠጠር የሌለው በወንፊት የተነፋ አሸዋ በሲሚንቶ ለውሼ አፈሰስኩ። አየሩ እንዲወጣ ካሳፎርማውን (የማፍሰሻ ቅርጹን) በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግኩት። እርጥብ ጆንያ አልብሼ በሦስተኛው ቀን ስፈታው፣ ድቅድቅ ጨለማ! አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም። የሲሚንቶው ውሃ የክሮቹን ጫፍ ሸፍኗቸው ኖሯል። ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር ፈገፈግኩት። ያኔ መስኮት ላይ ስደግፈው ነጥቦቹ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ብቅ አሉ። ልጄ ከኋላ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ጥላው አብሮ ሄደ። አንዱ ጥግ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። እዚያ ጋ አብዝቼ ስለመታሁት ክሮቹ ከፎሙ ቀዳዳ ተስበው ውስጥ ቀርተዋል።

ማታን መርሳትም አለ። ቀን ብርሃን ወደ ውስጥ ከገባ፣ ማታ አምፖል ስታበሩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከነጥላችሁ። መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ላይ እንዳታስቡት።

ደግሞ ቀለም ቀቢውን ንገሩት። አንድ ጊዜ ካለሰነው ወይም ከቀባው አለቀ።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ሐሳቡን ቀየረ። የሳሎኑን መስኮት ከ1 ሜትር ከ20 ወደ 1 ሜትር ከ80 አሰፋው። ደረጃው ጋ ለፓነሉ የተወውን ቦታ ግን አልደፈነውም፤ ለጊዜው በግላስ ብሎክ (በመስታወት ጡብ) ሞልቶታል።