ጋቢው ውስጥ ያለው ሽጉጥ፦ ሜሪላንድ ልጅ ለምናሳድግ

ሽጉጤን የማስቀምጠው ኩሽና ውስጥ፣ ከላይኛው ካቢኔ አናት ላይ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ነበር። የገዛሁት ጎረቤታችን ቤት ሌባ ከገባ በኋላ ነው። ስቴቱ የሚጠይቀውን የ4 ሰዓት ሥልጠና ወስጃለሁ፣ አሻራ ሰጥቻለሁ፣ ፈቃዱን አውጥቻለሁ። ጠንቃቃ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። አንድ እሑድ ባለቤቴን በሹክሹክታ “ያንን ነገር ቦታውን ልቀይረው እንዴ?” ስላት፣ የ9 ዓመቷ ልጃችን ከስልኳ ቀና ሳትል “አባዬ፣ ጋቢው ውስጥ ያለውን ነው?” አለች።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። ነገሩ ተራ አይደለም፤ ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን በመግደል የጦር መሣሪያ ከመኪና አደጋ በልጦ አንደኛ ሆኗል።

መጀመሪያ ቤታችሁ። ስኳር የተደበቀበትን ያገኘ ልጅ ሽጉጥም ያገኛል፤ ስለዚህ መደበቁን ተዉትና ቆልፉ። የሽጉጡን የጥይት ካዝና አውጡ፣ ግን በዚያ አታቁሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ካዝናው ወጥቶም አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ጎርሶ ሊቀር ይችላል። የሽጉጡን የላይኛውን ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ስባችሁ በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ። ከዚያ ሽጉጡ በአንድ የብረት ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ፣ ሁለቱም ተቆልፈው። ሣጥን እስክትገዙ የኬብል ቁልፍ አለ፤ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ፕሮጀክት ቻይልድሴፍ በሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይሰጣሉ። የኮዱ ቁጥር የልጅ ልደት አይሁን። የእኔ የመጀመሪያው ኮድ የልጄ ልደት ነበር፤ ባለቤቴ ስትስቅብኝ ነው የቀየርኩት።

ሕጉ ደግሞ እንደየስቴቱ ይለያያል፣ ይህን ብዙዎቻችን አናውቅም። ልጅ መሣሪያ እንዳያገኝ ባለቤቱን ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግ ቀድማ ያወጣችው ፍሎሪዳ ናት፣ በ1989። የሜሪላንድ ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ጠብቋል፤ ድሮ ከ16 ዓመት በታች ላሉት ብቻ ነበር፣ አሁን ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ሁሉ ይመለከታል። በ2018 ሴንት ሜሪስ ካውንቲ ትምህርት ቤቷ ውስጥ በተገደለች የ16 ዓመት ተማሪ ስም የተሰየመ ሕግ ነው። ገዳይዋ ተማሪ የያዘው የአባቱን ሽጉጥ ነበር። በዚህ ሕግ ጥይት ያለበት መሣሪያ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መተው ብቻውን ያስጠይቃል፤ ልጁ እስኪነካው አይጠበቅም። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ግን ሕጉ የሚናገረው ከ14 ዓመት በታች ስላለ ልጅ ነው። የእህታችሁ ልጆች አሌክሳንድሪያ ካሉ ይህን ንገሯት፣ ለ15 ዓመቱ ልጅም ቢሆን ትቆልፍ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፦ የሰው ቤት። ልጃችን ጓደኛዋ ቤት ልትጫወት ስትሄድ “ውሻ አላችሁ?” ብለን እንጠይቃለን፣ “ኦቾሎኒ አትስጧት” እንላለን፤ ስለ ሽጉጥ ግን ይሉኝታ ይይዘናል። ለሐበሻ ወላጅ “መሣሪያ አላችሁ ወይ?” ብሎ መጀመር “ምን አስበህ ነው?” ያሰኛል። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ከራስ መጀመር ነው፦ “እኛ ቤት ሽጉጥ አለ፣ ተቆልፏል፤ እናንተጋስ እንዴት ነው?” የመጀመሪያዋን የጠየቅኋት የጓደኛዬን ሚስት ነው። ስልኩ ላይ ዝም አለች። “ቆይ፣ እሱን ልጠይቀው” አለችና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደወለች። መኪናው ውስጥ ነው፤ መኪናው ደጅ ቆሟል፤ በሩ አልተቆለፈም። አልተቀየመችኝም። በእሱ ላይ ግን ምን እንደወረደበት አልጠየቅኩም።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስ በ2019 ባወጣው ጥናት ከ2008 እስከ 2017 የተፈጸሙ 41 የትምህርት ቤት ጥቃቶችን መርምሯል። መሣሪያ ከተጠቀሙት አጥቂዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ያገኙት ከወላጅ ወይም ከቅርብ ዘመድ ቤት ነው። አብዛኞቹም ሐሳባቸውን አስቀድመው ለሰው ተናግረዋል ወይም ጽፈዋል። ስለዚህ ልጆቻችሁን ማሳበቅና ማሳወቅ የተለያዩ መሆናቸውን አስተምሯቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ሴፍ ስኩልስ ሜሪላንድ የሚባል፣ ስም ሳይሰጡ የሚደወልበት፣ ሌሊትም የሚሠራ መስመር አለ፦ 1-833-632-7233። እኔ በልጄ ስልክ ላይ መዝግቤዋለሁ። ስቴቱ በ2018 ባወጣው የትምህርት ቤት ደህንነት ሕግ መሠረት የትምህርት ቤቶች አስተዳደር አስጊ ምልክት ያሳየን ተማሪ የሚገመግም ቡድን ሊኖረው ግድ ነው። ስብሰባ ስትሄዱ ቡድኑ ውስጥ እነማን እንዳሉና ወላጅ መቼ እንደሚጠራ ጠይቁ።

አስተርጓሚም ጠይቁ። አንድ ጊዜ ልጄ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ስለዛተው ነገር ሊያነጋግሩኝ ሲጠሩኝ፣ አስተርጓሚ ያደረጉልኝ ራሷን የ9 ዓመቷን ልጅ ነበር። ስትተረጉምልኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግማሹንም ዘላዋለች። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምክንያት የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። “አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ልጄ አትተረጉምም” በሉ፣ ዝም ብላችሁም ጠብቁ።

የመጨረሻው፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ነው ብላችሁ ስትሰጉ ነው። ወጣቱ እንቅልፍ ካጣ፣ “ባልኖር ይሻለኝ ነበር” ካለ፣ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ወደተቋቋመው መስመር 988 ደውሉ። በመሣሪያ ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ ሰው ከ10 ጊዜ 9ኙን ያህል አይተርፍምና መሣሪያው ከቤት ይውጣ። ለማን መስጠት እንደሚቻል ሕግ ስላለው መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሳትደውሉ ይዛችሁት እንዳትሄዱ። መሣሪያ ያለው አዋቂ ከሆነና እምቢ ካለ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራ፣ መሣሪያውን ለጊዜው የሚያስነጥቅ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለ፤ ሰዉ “ሬድ ፍላግ” ይለዋል። ሜሪላንድ ውስጥ የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ሐኪም ወይም ፖሊስ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፣ ክፍያ የለውም፣ የወንጀል ክስም አይደለም። ቨርጂኒያ ላይ ማመልከት የሚችሉት ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ ብቻ ስለሆኑ እዚያ ያላችሁ ፖሊስ ትጠራላችሁ። ሜሪላንድ ያለን ግን ፍርድ ቤት ቢዘጋም ኮሚሽነር የሚባለው የፍርድ ቤቱ ሹም ጋ ማመልከት እንችላለን፤ እሑድም ሌሊትም ቢሆን።