ከዲሲ እስከ ሎስ አንጀለስ በአርቪ፦ ከባድ ተራራ ሳይነኩ እንዴት መድረስ ይቻላል

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን የአርቪ ጉዞ የሚያቅደው ስልኩን አውጥቶ መነሻና መድረሻ በመጻፍ ነው። ስልኩ ግን የሚያስበው ለኮሮላ ነው። 25 ጫማ የሚረዝም፣ ቁመቱ ከ11 ጫማ የሚያልፍ፣ ወጥ ቤትና መኝታ የተሸከመ መኪና፣ ማለትም አርቪ፣ እንደምትነዱ አያውቅም። አጭሩን ፈልጎ ይልካችኋል። አጭሩ ደግሞ አንዳንዴ በኮሎራዶ የሚያቋርጠው አይ-70 ይሆናል። እሱ መንገድ አይዘንሃወር ዋሻ ጋ ሲደርስ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው፣ ከዚያ የሚወርደው ቁልቁለት 7 በመቶ ይደርሳል፣ ማለትም በየ100 ጫማው 7 ጫማ ትወርዳላችሁ፣ ያውም ለብዙ ማይል። አባይ በረሃን በአውቶቡስ የወረደ ሰው የጋለ ፍሬን ሽታ ምን እንደሆነ አይነገረውም።

ስለዚህ ከመኪናው በፊት መንገዱን ምረጡ።

መንገዱ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከዲሲ አካባቢ ለሚነሳ ሰው እኔ የምመክረው ደቡቡን ነው። አይ-95ን ይዛችሁ እስከ ፒተርስበርግ ቨርጂኒያ፣ ከዚያ በአይ-85 በሻርሎት አድርጋችሁ አትላንታ፣ ከአትላንታ አይ-20ን ይዛችሁ በርሚንግሃም፣ ጃክሰን፣ ሽሪቭፖርት፣ ዳላስ። ከዳላስ በኋላ አይ-20 ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ ከአይ-10 ጋር ይገናኛል፤ እሱ ኤል ፓሶን፣ ቱሳንንና ፊኒክስን አሳልፎ ሎስ አንጀለስ ያስገባችኋል። ጠቅላላው 2,850 ማይል ገደማ ነው። ከአጭሩ መንገድ ወደ 200 ማይል ይረዝማል። ይርዘም።

ከፍታና ቁልቁለት አንድ አይደሉም። አዲስ አበባ ራሷ 7,700 ጫማ ላይ ናት፣ ቦሌ መንገድ ላይ ፍሬን የጋለበት ሰው ግን አላየንም። ፍሬን የሚያግለው በአጭር ርቀት ብዙ መውረድ ነው። አይ-10 ኒው ሜክሲኮና አሪዞና ውስጥ ከ4,500 ጫማ በላይ ይወጣል፣ ግን ቀስ እያለ ስለሆነ ሳይታወቃችሁ ትደርሳላችሁ። ቁልቁለት ፈጽሞ የለም ማለቴ ግን አይደለም።

አይ-40ስ? የሚሉ አሉ። ጥሩ መንገድ ነው፣ ግን ፍላግስታፍ አካባቢ ከ7,000 ጫማ ያልፋል፣ በክረምት አንዳንዴ በረዶ ይዘጋዋል። «እግረ መንገዳችንን ግራንድ ካንየን እንይ» የሚል ደግሞ ከቤተሰቡ መሀል አይጠፋም። ከፊኒክስ ወደ ፍላግስታፍ የሚወጣው አይ-17 ግን በ140 ማይል ውስጥ ወደ 6,000 ጫማ የሚያስወጣ፣ በበጋ ስንት መኪና ሞተሩ ፈልቶ ዳር የሚቆምበት መንገድ ነው። ለሁለተኛው ጉዞ አቆዩት፣ ወይም አርቪውን ፊኒክስ አቁማችሁ ትንሽ መኪና ተከራዩ።

ስልኩን ሙሉ በሙሉ አትጣሉት። እንደ አርቪ ላይፍ ያሉ መተግበሪያዎች የመኪናውን ቁመት፣ ክብደትና ፕሮፔን (የምድጃ ጋዝ) መያዙን ጠይቀው ነው መንገድ የሚያወጡት። ፕሮፔን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከባልቲሞር የምትነሱ ከሆነ በከተማዋ ወደብ ስር በሚያልፉት ዋሻዎች በአርቪ የጋዝ ሲሊንደር መግባት ክልክል ነው፣ ከተማዋን በሚከበው አይ-695 በምዕራቡ በኩል ዙሩ።

መቼ

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት ውስጥ። በሐምሌ ፊኒክስ ከ110 ፋራናይት በላይ ይሞቃል፣ ጎማም ሰውም አይችለውም። በጸደይ ደግሞ ምዕራብ ቴክሳስና ኒው ሜክሲኮ ነፋሱ ለብቻው ነው። የአርቪ ጎን ሰፊ ስለሆነ ነፋስ እንደ ሸራ ይገፋዋል፤ በሰዓት ከ30 ማይል በላይ የሚነፍስ ከሆነ ያን ቀን አለመነሳት ይሻላል።

መኪናውና ልምምዱ

ለጀማሪ ክላስ ሲ የሚባለው፣ ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ ከ25 ጫማ የማይበልጥ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ለመንዳት በመደበኛ መንጃ ፈቃድ ይቻላል። የመኪናችሁ ኢንሹራንስ ግን ኪራይ አርቪን ላይሸፍን ስለሚችል ደውላችሁ ጠይቁ። ኪራዩንም በቀን ብቻ አታስሉት፣ በየማይሉ፣ በጀነሬተሩ፣ መኪናውን ሌላ ከተማ ለመመለስም ለየብቻ የሚያስከፍሉ አሉ። ነዳጁ በጋሎን 9 ማይል ቢሄድ መንገዱ 317 ጋሎን ያህል ይበላል፣ ጋሎኑ በ3 ዶላር ከ50 ቢገዛ 1,100 ዶላር ማለት ነው፣ መሄጃው ብቻ።

መኪናውን ስትረከቡ ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያለውን አራት አሃዝ ቁጥር እዩ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈውን ጎማ ቀይሩልኝ በሉ። ከዚያ የመኪናውን ቁመት በወረቀት ጽፋችሁ መሪው ፊት ለጥፉት። ነዳጅ ማደያ ጣራ ስር ስትገቡ ማስታወስ አያስፈልጋችሁም፣ ታዩታላችሁ።

እሁድ ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ፈልጉና ታጠፉበት። የሚያስቸግረው ፊቱ ሳይሆን ጅራቱ ነው፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ከኋላ ጎማው ወዲያ የተረፈው አካል ወደ ግራ ይወጣል፣ አጠገባችሁ የቆመውንም ይገጫል። ሲያበቃ ኮሌጅ ፓርክ ሜሪላንድ ያለው ቼሪ ሂል ፓርክ ሄዳችሁ አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ። መብራት መሰካት፣ ውሃ መቀጠል፣ ቆሻሻ መድፋት እዚያው ቤታችሁ አጠገብ ተማሩት።

የቆሻሻው ነገር ሰው የሚፈራውን ያህል አይደለም። ጓንት አድርጉ፣ ቱቦውን አጥብቃችሁ ግጠሙ፣ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንክ፣ ቀጥሎ የሳህንና የሻወሩን ክፈቱ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ከቱቦው ያጥብላችኋል። የሽንት ቤቱን ማፍሰሻ ግን ክፍት አድርጋችሁ አትደሩ፣ ፈሳሹ ይሄድና የቀረው ታንኩ ውስጥ ይደርቃል። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ ልክ የሚሆነው።

በቀን ስንት ማይል

የአርቪ ሰዎች ሦስት-ሦስት-ሦስት የሚሉት ደንብ አላቸው፦ በቀን ከ300 ማይል አትለፉ፣ ከሰዓት በ3 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር በ9) ማደሪያ ግቡ፣ አንድ ቦታ ሦስት ሌሊት እደሩ። የመጨረሻውን በቂ የእረፍት ቀን ያለው ሰው ይሙላው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን አክብሩ። በዚህ ሂሳብ ንዳቱ ብቻ አሥር ቀን ይፈጃል። አትላንታና ዳላስ ላይ እረፉ። ሁለቱም ጋ የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል፣ እንጀራና በርበሬ ታድሳላችሁ፤ ከዳላስ በኋላ እስከ ፊኒክስ ብዙ አትጠብቁ። ጀበናው በአርቪው ምድጃ ይፈላል። ቡናውን ግን ውጭ ቁሉ፣ ከአልጋው በላይ ያለው የጭስ ደወል ለቡና ጭስ አያዝንም።

ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ፣ በተለይ የዓርብና የቅዳሜውን። ቴክሳስ ውስጥ ማደሪያ ቢጠፋ የመንገድ ዳር ማረፊያዎች እስከ 24 ሰዓት መቆም ይፈቅዳሉ።

መንገድ ላይ

በሰዓት ከ65 ማይል አትለፉ፣ ቀኙን ይዛችሁ ሂዱ። ሰው ጥሩምባ ቢነፋ ይንፋ።

ቁልቁለት ሲመጣ ከመውረዳችሁ በፊት ፍጥነቱን ቀንሱ። ብዙዎቹ ኪራይ አርቪዎች በፎርድ መኪና ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ማርሽ ዘንጉ ጫፍ ላይ «ቶው/ሃውል» (TOW/HAUL) የሚል ቁልፍ አላቸው። ተጫኑት። ማርሹ ዝቅ ይላል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ አትደንግጡ፣ መኪናውን እየያዘላችሁ ነው። ፍሬን ላይ እግራችሁን ጥላችሁ አትውረዱ። ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን አውርዱ፣ ልቀቁ፣ ሲጨምር እንደገና።

ሎርድስበርግ ኒው ሜክሲኮ አካባቢ የአቧራ አውሎ ነፋስ ድንገት ይነሳል። ከያዛችሁ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ውጡና አቁሙ፣ መብራት ሁሉ አጥፉ፣ እግራችሁን ከፍሬን አንሱ። መብራት ካበራችሁ ከኋላ ያለው መንገድ መስሎት እናንተን ተከትሎ ይመጣል።

አይ-10 ለሜክሲኮ ድንበር ቅርብ ስለሆነ የድንበር ጠባቂዎች ኬላ ያጋጥማችኋል። ግሪን ካርድ ያላችሁ ዋናውን ያዙ፣ ቤት ካለው መሳቢያ ውስጥ አይተዉ። ሻንጣ ስር ሳይሆን እጃችሁ የሚደርስበት ይሁን።

ካሊፎርኒያ ገብታችሁ ፓልም ስፕሪንግስ አጠገብ ስታልፉ የነፋስ ተርባይኖቹ ጫካ ይመስላሉ። ያለ ነገር አልተተከሉም፣ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ። ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ አርቪውን ይዛችሁ አትግቡ፣ ከከተማው ምሥራቅ ማደሪያ ፈልጋችሁ አቁሙት። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለችው ሊትል ኢትዮጵያ ለኮሮላም ፓርኪንግ የላትም፣ በኡበር ሂዱ።