ኮምፒውተር ላይ የሚታከም በሽተኛ እንዴት እንደሚሠራ

አንድ አልጋ ዙሪያ አሥራ አምስት ተማሪ ቆሞ ራውንድ (ሐኪሞች በሽተኞችን እየዞሩ የሚያዩበት ጉብኝት) ሲደረግ አይታችሁ ይሆናል። ከፊት ያሉት ይሰማሉ፣ ከኋላ ያሉት የጓደኛቸውን ጋውን ጀርባ ሲያዩ ያረፍዳሉ። የሚወስነው ሲኒየሩ ነው፤ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው፣ በሽተኛ መለማመጃ አይደለም። ግን ያ ተማሪ አንድ ቀን ኢንተርን ይሆንና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዱቲ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቆማል። ራሱ ወስኖ አያውቅም።

ይህንን ክፍተት የሚሞላው ተማሪው ራሱ እየወሰነ የሚያክማት የኮምፒውተር በሽተኛ ናት፤ ለዚህ ሕክምና መለማመጃ የሚሆን ውድ አሻንጉሊት አያስፈልግም። አንድ ላፕቶፕና ሁለት ነፃ ቅዳሜ ይበቃል።

1. አንድ ስህተት ምረጡ

«ስኳር በሽታ» የሚል ርዕስ ይዛችሁ ከተነሳችሁ መጨረሻችሁ ስላይድ ነው፤ እሱ ደግሞ ሞልቷል። ይልቅ ተማሪዎቻችሁ ደጋግመው የሚሳሳቱትን አንድ ውሳኔ ያዙ። የእኔ ምርጫ ዲኬኤ ነው፤ ኢንሱሊን ሲያጥር ደም አሲድ የሚሆንበት የስኳር በሽታ አጣዳፊ ችግር። የበሽተኛዋ ስኳር 480 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ ሽንት ላይ ኬቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ አሲድ) አለ፣ ተማሪው ወዲያው «ኢንሱሊን!» ይላል። ፖታሲየሙን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሽተኛዋ በሽንትና በትውከት ብዙ ፖታሲየም አጥታለች፤ ሆኖም ከሴሎቿ ወደ ደም ስለሚወጣ የደሙ ቁጥር ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ኢንሱሊን ደግሞ ፖታሲየሙን መልሶ ወደ ሴል ይከታል። መጀመሪያውኑ ዝቅ ያለ ከነበረ ልብ ምቷን ያዛባል። የቆየው መመሪያ ፖታሲየሙ ከ3.3 (ሚሊሞል በሊትር) በታች ከሆነ ኢንሱሊን አትጀምሩ፣ ቀድማችሁ ፖታሲየም ስጡ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ይህንን 3.5 አድርጎታል።

2. በሽተኛዋን ወረቀት ላይ ጻፏት

ኮምፒውተሩን ገና አትክፈቱ። ዕድሜ 19፣ ክብደት 50 ኪሎ፣ ሁለት ቀን ያስመለሳት፣ ደም ግፊት 90/60፣ ልብ ምት 128፣ ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን። ፖታሲየሟ 2.9 ነው፣ ይህንን ግን ያላዘዘ ተማሪ እንዳያየው። መማሪያ መጽሐፍ ሁሉንም ውጤት በአንድ አንቀጽ ዘርግፎ ይሰጣል፣ ዋርድ ውስጥ ግን ማን ዘርግፎ ይሰጣችኋል?

ካዘዘም ውጤቱ ቶሎ አይምጣ። «ማሽኑ አይሠራም፣ ውጭ ይሠራ ተብሎ ወንድሟ ናሙናውን ይዞ ሄዷል» በሉት። እስከዚያ ምን ያደርጋል? ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ይጀምራል፣ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሊትር ያህል፣ ኢሲጂም (የልብን ኤሌክትሪክ የሚያሳይ ምርመራ) ያነሳል። ይህንን ያሰበውን ተማሪ የኢሲጂውን ምስል አሳዩት። የውሳኔ ነጥቦቹን ከአራት ወይም ከአምስት አታሳልፉ፤ መንገዱ በየነጥቡ ሲከፋፈል ገጾቹ ሳታስቡት ሃምሳ ይደርሳሉ።

3. ስህተቱ ዋጋ ያስከፍል

ብዙ ሞጁሎች የሚበላሹት እዚህ ጋር ነው። ተማሪው ሲሳሳት ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይልና «ተሳስተሃል» ይለዋል። እሱም «እሺ» ብሎ ሌላውን ይነካል፣ አለቀ። እንዲህ አታድርጉ። ውጤቱን ሳይጠብቅ ኢንሱሊን በሰዓት 5 ዩኒት ከጀመረ ዝም በሉት። ሰዓቱ ይሂድ። ስኳሩ 400 ይግባ፣ ደስ ይበለው። ቀጥሎ ነርሷ «ዶክተር፣ እግሬን ማንሳት አቃተኝ እያለች ነው» ትበለው። ከዚያ ልብ ምቷ ይዛባ። ወንድሟ ውጤቱን ይዞ የሚደርሰው ያኔ ነው። አሁን ምን ያደርጋል? ኢንሱሊኑን ያቆማል? የሽንቷን መጠን አይቶ ፖታሲየም ይጀምራል? እርማቱም ራሱ ውሳኔ ይሁን። ትሞታለች ወይ ላላችሁ፣ እኔ አልፎ አልፎ እፈቅዳለሁ፤ ሁሌ ከሞተች ግን ተማሪው እንደ ጌም ያያታል።

4. ኮምፒውተር ላይ አውጧት

ትዋይን የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። ክሪስ ክሊማስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው፣ አንባቢው መንገድ የሚመርጥበት ታሪክ ለሚጽፉ ሰዎች የተሠራ ነው። ኮዲንግ አይጠይቅም። በአንድ ሳጥን ውስጥ ትጽፋላችሁ፣ ምርጫውን በድርብ ማዕዘን ቅንፍ [[ኢንሱሊን ጀምር]] ብላችሁ ስታስገቡ ቀጣዩ ሳጥን በራሱ ይከፈታል። ሲያልቅ በብራውዘር የሚከፈት አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ይሰጣችኋል፤ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይላካል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ምስሎቹ ግን ፋይሉ ውስጥ በራሳቸው አይገቡም፤ አንድ ፎልደር ውስጥ አብራችሁ ካልላካችሁ ኢሲጂው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ከእኔ ተማሩ። ትዋይንን ብራውዘር ላይ ከሠራችሁበት ጽሑፉ የሚቀመጠው እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ነው። እኔ «ስልክና ላፕቶፕ ላጽዳ» ብዬ የብራውዘሩን ዳታ ሳጠፋ የሁለት ሳምንት ሥራዬ አብሮ ሄደ። በየቀኑ ኮፒ አስቀምጡ።

ውጤት መመዝገብ ከፈለጋችሁ ትዋይን አይመችም። ትምህርት ቤታችሁ ሙድል (የኦንላይን ትምህርት መድረክ) ካለው፣ ኤች ፋይቭ ፒ በሚባለው የመልመጃ መሥሪያ ውስጥ መንገዱ የሚከፋፈል ኬዝ መሥሪያ አለ፣ ነጥቡንም ይይዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ነጥቡን እርሱት፤ ማርክ ካለው ተማሪው መሳሳት ይፈራል፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው እዚህ እንዲሳሳት ነው።

5. አንድ ተማሪ አስቀምጣችሁ እዩ

ስልኩን ስጡት፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ አታስረዱ። አፋችሁን መያዝ ከባድ ነው፣ ያዙት። የሚቆምበትን ቦታ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባው ሕክምናው ሳይሆን የእናንተው ዓረፍተ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

6. በአካል ተነጋገሩበት

እ.ኤ.አ. በ2008 ጃማ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ትንተና እንዳሳየው በኢንተርኔት መማር ምንም ካለመማር በብዙ ይሻላል፤ ከሌላ ዓይነት ማስተማሪያ ጋር ሲወዳደር ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ፋይሉን ልካችሁ አትገላገሉ። ሃያ ደቂቃ ሰብስቧቸው፣ «ኢንሱሊን ስትጀምሩ ምን አስባችሁ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ለመናገር አትቸኩሉ። የገደለም ያዳነም ይናገር።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ቁጥሮቹን ከየትኛው መመሪያ እንደወሰዳችሁና መቼ እንዳያችኋቸው ጻፉ። 3.3 ነበረ፣ 3.5 ሆነ። የላካችሁት ፋይል ግን እናንተ ከረሳችሁት በኋላም ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር ይኖራል።