የኮሌጅ ተማሪዎች የዳንስ ባንድ ታሪክ እንዴት ይሰበሰባል?

በዳንስ ዝግጅቶች ላይ የሚጫወት፣ ተማሪዎች ራሳቸው የሚመሩት ባንድ ታሪኩ ቶሎ ነው የሚጠፋው፣ መሪው ሲመረቅ ወረቀቱም አብሮት ስለሚሄድ። ስለዚህ መጀመሪያ በህይወት ያሉትን የድሮ አባላት አናግሩ፣ ዶክመንቱ በኋላም ይደርሳል። ዝም ብላችሁ "ባንዱ እንዴት ነበር" አትበሉ፤ ማን ከማን ተረከበ፣ የዳንሱን ገቢ ማን ይይዝ ነበር፣ ኖታውን ማን ይጽፍ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ርክክቡን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ለምሳሌ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሃል ኬምፕን ባንድ የተረከበው ኬይ ካይዘር ነው፣ ሁለቱም በኋላ ስመጥር የባንድ መሪዎች ሆነዋል።

ከዛ የድሮ ኖታዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጣችሁ እዩ። የሳክስፎኑ ወይ የትራምፔቱ ተጫዋች ድርሻ የተጻፈበት ወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ስም፣ ቀን፣ እዚህ ጋ ዝለል የሚል ምልክት ሊኖር ይችላል፣ እኔ በበኩሌ ከፎቶም በላይ የማምነው ይሄንን ነው። ፎቶ ካገኛችሁ ደሞ ጀርባውንም ስካን አድርጉ።

በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ክፍተት ካያችሁ ባንዱ ፈርሷል ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ያኔ ብዙ ተማሪ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሄዷል፣ የተማሪዎቹን ጋዜጣና የዓመቱን መጽሄት እያገላበጣችሁ ማን እንደተካቸው ፈልጉ።