ፕሮፖዛሉ ሳይነበብ የሚወድቅባቸው ስህተቶች፦ የውጭ የምርምር ፈንድ ለሚጠይቁ መምህራን

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዲት የአካባቢ ምህንድስና መምህርት ላፕቶፗን አቅፋ ቢሮዬ ገባች። ከአዲስ አበባ ዳር ባለ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፤ መምህራን ለውጭ ለጋሾች የሚያዘጋጁት ፕሮፖዛል ከመላኩ በፊት በእኔ እጅ ያልፋል። የእሷ ፕሮፖዛል አልቋል። ሦስት ወር ሙሉ ለፍታበታለች፣ ቅዳሜና እሁድ አቃቂ ወርዳ ከአትክልት አልሚዎች ጋር ስታወራ ነው የከረመችው። የሚላከው ለአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ለኤንአይኤች ነበር።

«ጋሼ፣ ሁሉም ተሟልቷል፤ እርስዎ ብቻ ይላኩልኝ» አለችኝ።

ስከፍተው የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ በአሜሪካ መንግሥት መዝገብ፣ ማለትም በሳም ሥርዓት ላይ፣ ጊዜው አልፎበታል። በየዓመቱ መታደስ ነበረበት፤ ያሳደሰው ሰው የለም። ማመልከቻው የሚዘጋው ሰኞ ነው። ያን ዕለት ማታ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይተን ሞከርን፣ አልሆነም። ፕሮፖዛሉ ደካማ ነው ያለው ገምጋሚ የለም፤ አንድም ገምጋሚ አላየውምና። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፣ የእኛ የቢሮው ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ከዚያ ቀን ወዲህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ሌላ መምህር እንዳይደግማቸው ነው።

ፈንዱን የግል ጉዳይ አድርጎ ማየት

ከሁሉም ስህተት ሥር ያለው ይኼ ይመስለኛል። መምህሩ ጥሪውን በኢሜይል ያያል፣ ማታ ማታ ቤቱ ይጽፋል፣ ለትምህርት ክፍሉም ለምርምር ቢሮውም አይናገርም። ግማሹ ምክንያት ሐሳቤን ይወስዱብኛል የሚል ስጋት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ቢሮ መመላለሱን መጥላት ነው። ሁለቱም ይገቡኛል። ነገር ግን የውጭ ፈንድ በአብዛኛው ለግለሰብ አይሰጥም፤ ውሉን የሚፈርመው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ገንዘቡ የሚገባው በዩኒቨርሲቲው አካውንት ነው፣ ኦዲት የሚደረገውም እሱ ነው። ለኤንአይኤች ማመልከቻውን የሚልከው እንኳ ተመራማሪው አይደለም፤ ተቋሙ የወከለው ፈራሚ ነው።

ስለዚህ ጥሪውን ባዩበት ሳምንት ወደ ምርምር ቢሮ ይሂዱና አራት ነገር ይጠይቁ፦ በሳም ያለን ምዝገባ እስከ መቼ ይሠራል? ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንስ የሚባለውን የድሮ የተቋም መለያ የተካው ቁጥራችን ስንት ነው? ለአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራሞች የሚያስፈልገው ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር አለን? የእነዚህ ሁሉ የይለፍ ቃል ያለው ማን እጅ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን የይለፍ ቃሉን የያዘው ባለሙያ ሥራ ለቆ ተቋሙ የራሱን መዝገብ መክፈት ሲያቅተው አይቻለሁ። ለውጭ አገር ተቋም ምዝገባውን ከባዶ መጀመር ሳምንታት ይፈጃል፤ ኤንኬጅ የሚባለው ኔቶ የሚሰጠው የተቋም መለያ ኮድም ቀድሞ መውጣት አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ዓመተ ምሕረትን ማምታታት

ይህ የእኛ ብቻ ስህተት ነው፤ የውጭ መመሪያ ላይ ተጽፎ አያገኙትም። አንድ መምህር ዶክተሬቱን ሰኔ 2010 ዓ.ም. አጠናቋል። ሲቪው ላይ 2010 ይላል፣ ዲግሪው ላይ ያለውን አይቶ ቅጹም ላይ 2010 ሞላ። በእነሱ አቆጣጠር ግን ሰኔ 2010 ማለት ጁን 2018 ነው። የአውሮፓው የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ከዶክተሬት በኋላ ከ8 ዓመት ያልበለጠ የምርምር ልምድ ይጠይቃል። በ2025 እ.ኤ.አ. ሲያመለክት በትክክለኛው ቀን 7 ዓመቱ ነው፣ በሞላው ቀን ግን 15። ሥርዓቱ አይጠይቅም፣ ይጥለዋል። የልደት ቀንም ላይ፣ የቅጥር ዘመንም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ሲቪዎ ላይ ያሉትን ቀኖች በሙሉ በአንድ ቁጭታ ወደ እ.ኤ.አ. ይለውጡና ያስቀምጡ።

ስምም እንደዚሁ ነው። ፓስፖርት ላይ በአንድ ፊደል፣ ጆርናል ላይ በሌላ፣ ዲግሪ ላይ በሦስተኛ የሚጻፍ ስም ብዙ አለ። እኛ የአባት ስምን የቤተሰብ ስም ሳጥን ውስጥ እየሞላን፣ አንዳንዴ ደግሞ የአያትን፣ ሥራችንን ራሳችን እንበታትነዋለን። ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር በነጻ ይወጣል፤ አንድ ጊዜ አውጥተው ጽሑፎችዎን ሁሉ ከእሱ ጋር ያያይዙ።

«በኢትዮጵያ ከባድ ችግር ነው» ብሎ መጀመር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጥሩ ሳይንስ ያላቸው ሰዎች የሚሸነፉት እዚህ ነውና።

ከላይ ያነሳኋት መምህርት የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «የውሃ ብክለት በታዳጊ አገሮች በተለይም በኢትዮጵያ ከባድ ችግር ሲሆን በቂ ጥናት አልተደረገበትም።» ይህን ዓረፍተ ነገር በማንኛውም ፕሮፖዛል ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። የባሰው ደግሞ ሁለተኛው ሐረግ ነው። በአቃቂ ወንዝና በወንዙ በሚለማው አትክልት ላይ ስለ ከባድ ብረቶች የታተሙ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ገምጋሚው ከእነዚህ አንዱን የጻፈ ሰው ሊሆን ይችላል። «አልተጠናም» ስንል ወይ አላነበብንም ወይ ሸሽገናል ማለት ነው፤ ሁለቱም ያስጥላሉ።

ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። የምታውቀውን ንገሪኝ አልኳት። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ከመግባታቸው በፊት የቤቱንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ይዘው ነው የሚወርዱት አለች። ዳርና ዳሩ ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ይለማል፤ አልሚዎቹ ማታ ነቅለው ያዘጋጁትን በሌሊት ጭነው ለከተማው ገበያ ያደርሳሉ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች፦ ገበሬዎቹ ራሳቸው ውሃው ቀለሙ የሚቀየርበትን ቀን ያውቃሉ፤ በዚያ ቀን አያጠጡም። ጥናቷ እዚያ ውስጥ ነበር። የገበሬው ዓይን የሚመርጠው ቀንና ላቦራቶሪው ክሮሚየም በዝቶ የሚያገኝበት ቀን አንድ ናቸው ወይ? በአንድ ማሳ፣ በክረምትና በበጋ፣ ሲለካ ምን ይመጣል? ይህ ጥያቄ ከአቃቂ ውጭ ሊጻፍ አይችልም። አውሮፓ ወይም አሜሪካ የተቀመጠ ገምጋሚ ሊያውቀው የማይችለውን እኛ በታክሲ ተሳፍረን የምንደርስበት ቦታ ነው የያዘው።

ከከተማዋ ዳር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሀብት ይህ ይመስለኛል። ገላን፣ ዱከም፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፤ እርሻው ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ፋብሪካ ሲለወጥ በየቀኑ እናያለን። ያንን ትቶ ከሌላ አገር ፕሮፖዛል የተቀዳ መግቢያ መጻፍ ያሳዝነኛል።

በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አስጽፎ መላክም ከዚሁ ይመደባል። ቋንቋ ለማረም መጠቀም አንድ ነገር ነው። ኤንአይኤች ግን ከመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋናነት በዚህ መሣሪያ የተጻፈ ማመልከቻ የአመልካቹ ሐሳብ ነው ብሎ እንደማይቀበል አስታውቋል።

በጀቱን በመጨረሻው ቀን መሥራት

ፕሮፖዛሉን ለወራት ይጽፉና በጀቱን በአንድ ማታ ይሞሉታል። አንዲት የፋይናንስ ባለሙያችን አንዱን መምህር «ዶክተር፣ ይሄ እኮ በጀት አይደለም፣ ምኞት ነው» ስትለው ሰምቻለሁ። እውነቷን ነበር። መኪና ኪራይ አለ፣ ነዳጅና የሹፌር አበል የለም። ኬሚካል አለ፣ የጉምሩክና የማጓጓዣ ወጪ የለም። መሣሪያ አለ፣ ፕሮፎርማ የለም።

የምንዛሪ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ሰጥቶናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሁሉን ነገር በብር አስልተው፣ ገንዘቡንም ወደ ብር ቀይረው የተቀመጡ ፕሮጀክቶች ከውጭ የሚመጣውን የላቦራቶሪ ኬሚካል ግማሹን እንኳ መግዛት አቃታቸው። ስለዚህ ከውጭ የሚገዛውን በዶላር ወይም በዩሮ፣ እዚህ የሚወጣውን በብር ለይተው ያስሉ፤ የተጠቀሙበትን ተመንና ቀኑን ከሥር ይጻፉ፤ ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪ አካውንት መቆየት ይችል እንደሆነ ውል ከመፈረሙ በፊት ፋይናንስን ይጠይቁ።

ኦቨርሄድ የሚባለው የተቋሙ ድርሻ ላይም ጠብ አይጠፋም። መምህሩ «ዩኒቨርሲቲው ገንዘቤን ወሰደ» ይላል። ግን የአውሮፓ ኅብረት ሆራይዘን ፕሮግራም ለተዘዋዋሪ ወጪ 25 በመቶ፣ ኤንአይኤች ለውጭ ተቋማት 8 በመቶ የሚሰጡት ከሥራው ወጪ በላይ ነው። ካልጠየቁት ለእርስዎ አይተርፍም፣ እዚያው ይቀራል። መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ጀነሬተርና ሒሳብ ሠራተኛ ግን በነጻ አይገኙም።

ደብዳቤ ሰጪ ብቻ ሆኖ መቅረት

ከውጭ አንድ ፕሮፌሰር ይጽፋል፦ ነገ የምናስገባው ፕሮፖዛል አለ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ላክልኝ። እንልካለን። ፈንዱ ሲመጣ የእኛ ሥራ ናሙና መሰብሰብና መላክ ሆኖ ይገኛል። ሆራይዘን ዩሮፕ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. የሚቆይ፣ ሲጀመር ወደ 95.5 ቢሊዮን ዩሮ የተመደበለት ፕሮግራም ነው፤ የኢትዮጵያ ተቋማትም እንደ አጋር በቀጥታ ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። ይህን ሳያውቁ «አመሰግናለሁ» ብሎ ደብዳቤ መላክ ስህተት ነው። ደብዳቤ ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የእኛ የሥራ ክፍል የትኛው ነው፣ የእኛ በጀት ስንት ነው፣ መረጃው የት ይቀመጣል። መልስ ካላገኙ ደብዳቤውን አይስጡ። ይህን ስል ጠንከር ያልኩ ሊመስል ይችላል፤ ግን ክብር ያለው ትብብር የሚጀምረው እዚህ ነው።

ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የወዳጅነት ብቻ አይደለም። የዕፅዋት፣ የእንስሳት ወይም የረቂቅ ሕዋሳት ዘረ መል በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ይገዛል፣ ፈቃዱም የሚወጣው ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በሰው ላይ የሚሠራ ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ ይፈልጋል፤ የግል መረጃ ካለበት በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ። ጊዜ ሰሌዳዎ ላይ ለእነዚህ የሚሆን ቦታ ይተዉ።

ከትልቁ መጀመር፣ ከአንዱ ብቻ መጠበቅ

ጀማሪ መምህር የመጀመሪያ ማመልከቻው ሚሊዮን ዶላር ሲሆን አያለሁ። ትንሽ ገንዘብ ተቀብሎ፣ በጊዜው ሪፖርት አድርጎ፣ ሒሳቡን ያወራረደ ሰው ግን ለጋሽ ያምነዋል። ትሪየስት፣ ጣሊያን ያለው በ1983 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዓለም ሳይንስ አካዳሚ፣ እዚያው ያለው በታዳጊ አገሮች ያሉ ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት፣ የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳድና የሁምቦልት ፋውንዴሽን፣ የካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል አይዲአርሲ፣ ናይሮቢ ያለው ሳይንስ ፎር አፍሪካ ፋውንዴሽን፤ እነዚህን በየጊዜው ይመልከቱ። ሴት መምህራን በተለይ የሴት ሳይንቲስቶቹን ድርጅት የጀማሪዎች ድጋፍ እንዳያልፉት፤ እስከ 50 ሺህ ዶላር ይሰጣል፣ ለገዛ ላቦራቶሪዎም መሣሪያ መግዛት ይቻላል።

ከአንድ አገር ገንዘብ ብቻ መጠበቅ ምን እንደሚያመጣ የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በ2025 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ አይተናል።

«ማመልከቻ ክፍያ» የሚጠይቅ ለጋሽ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይያዙ። ማጭበርበር ነው።

በመጨረሻው ሰዓት መላክ

የአውሮፓ ኅብረት ጥሪዎች የሚዘጉት በብራስልስ 17 ሰዓት ነው። ይህ በእኛ በበጋው ወራት ማታ 1 ሰዓት፣ እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ጊዜ ደግሞ 12 ሰዓት ነው። ኤንአይኤች ግን በአመልካቹ ተቋም አገር ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። አንዱን ከሌላው አምታተው አንድ ሰዓት አለኝ ብለው ሻይ የሚጠጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ኔትወርክ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ከከተማው ዳር ደግሞ ሁለቱም በአንድ ማታ ይመጣሉ። ከሦስት ቀን በፊት አንድ ሙሉ ቅጂ ያስገቡ። ሆራይዘን እስኪዘጋ ድረስ በአዲስ ቅጂ መተካት ይፈቅዳል።

ውድቅ የተደረገውን መጣል

የእምቢታ ደብዳቤ ሲመጣ ብዙ ሰው ኢሜይሉን ያጠፋዋል። ሕመሙን አውቀዋለሁ። ግን ከደብዳቤው ጋር የሚመጣው የገምጋሚዎች አስተያየት ሌላ ቦታ በገንዘብ የማይገዛ ነገር ነው። አንድ ቀን አሳድረው፣ በማግስቱ አትመው፣ እያንዳንዱን ነጥብ በአንድ መስመር «ልክ ነው»፣ «አልተረዳኝም»፣ «አልስማማም» እያሉ ይለዩት። «አልተረዳኝም» ያሉት ብዙውን ጊዜ እኛ በግልጽ ያልጻፍነው ነው።

ያቺ መምህርት ምዝገባው ከታደሰ በኋላ በቀጣዩ ዙር አመለከተች፣ አልተሳካላትም። የገምጋሚዎቹ አስተያየት አራት ገጽ ነበር። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሦስተኛው ረቂቅ ነው፤ ዳሩ ላይ በእርሳስ «የገበሬዎቹን ቀን መቁጠሪያ ወደ መጀመሪያው ገጽ» ብላ ጽፋበታለች። የሳም ምዝገባችን እስከ መጪው የካቲት ይሠራል፤ የሚታደስበትን ቀን በር ላይ ለጥፌዋለሁ።