ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ሲገጥም ካሳ የሚያሳጡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ባጃጅና ሞተር እንዴት እንደሚነዳ ለጅማ ሰው አይነገርም፣ መርካቶ ገበያ ሲደምቅ እግረኛው ራሱ አስፋልት ላይ ነው፣ ቡና ሲደርስ ደግሞ የአጋሮ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ አይሱዙ ነው። ሰው ይገጫል፣ ገጪው ይሰወራል፣ ወይ ይያዝና ኢንሹራንስ የለውም። ቤተሰብ ከዛ "አላህ ይፍረደው" ብሎ ቤቱ ይገባል፣ በሬ ሸጦ ያሳክማል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ አለ።

የመጀመሪያው ስህተት እሱ ነው፣ "መኪናው ካልተገኘ ማንም አይከፍልም" ማለት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሰረት የመድን ፈንድ የሚባል አለ፣ ገጪው ያልታወቀ ከሆነ ወይም ሰርድ ፓርቲ (ለሦስተኛ ወገን የሚገባው የግዴታ ኢንሹራንስ) ከሌለው ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሳ የሚከፍለው እሱ ነው። አሁን የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ኢንሹራንሱ ጊዜው ያለፈበትም ያው እንደሌለው ነው የሚታየው። ግን መኪናው ከታወቀና ኢንሹራንስ ካለው ጉዳዩ የኩባንያው ነው፣ ፈንዱ ጋ ሄዳችሁ ጊዜ አታባክኑ።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የሚጎዳበት፣ ፖሊስ ሳይጠራ እዛው መንገድ ዳር መታረቅ። ሽምግልና ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፣ ባህላችን ነው፣ ሁለት ቤተሰብ ቂም እንዳይያያዝ ያደርጋል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የተገጨው ልጅ ገና እግሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ባለመኪናው ትንሽ ብር ይዞ ሽማግሌ ልኮ "ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል ወረቀት ያስፈርማል፣ ከወር በኋላ አጥንቱ አልገጠመም ሌላ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ሲባል ገንዘቡ አልቋል፣ ባለመኪናው ስልክ አያነሳም፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት የሚባል ነገር ደግሞ የለም፣ ያለ ሪፖርት ፈንዱ ጋ በምን ትገባላችሁ? ስለዚህ መጀመሪያ ፖሊስ ይምጣ፣ የአደጋው ፕላን (የቦታው ንድፍ) ይነሳ፣ መዝገብ ይከፈት። እርቁ ከዛ በኋላም ይደርሳል። ወረቀት ከተፈረመም የተቀበላችሁት ለሕክምና መርጃ መሆኑ ይጻፍበት፣ መብታችሁን የሚዘጋ ቃል ካለበት ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትፈርሙ።

በዚሁ ላይ አንዳንዱ "ኢንሹራንስ ያለው የዘመዴን መኪና እናስመዝግብ፣ እሱ ገጨኝ በል" ይላል። በጭራሽ። የሐሰት ምስክርነት ወንጀል ነው፣ ሲነቃ ተጎጂው እውነተኛውን ካሳም ያጣል።

ሦስተኛ፣ ሆስፒታል ካርድ ላይ "ወድቆ ነው" ማስባል። ገጪው አብሮ መጥቶ ስለለመነ ወይም ዘመድ ጣጣ ስለፈራ ይባላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሂዱ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል፣ የመኪና አደጋ መሆኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ከመጀመሪያው ተናገሩ፣ ያ ካርድ በኋላ ማስረጃችሁ ነው። ደረሰኝም አትጣሉ። ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ የመንግስትም የግልም ጤና ተቋም ተጎጂን የመቀበል ግዴታ አለበት፣ አዋጁ ሲወጣ እስከ 2,000 ብር ድረስ ወጪው እንዲሸፈን አስቀምጦ ነበር። ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር ነበር በአዋጁ የተጻፈው፣ ጣሪያው ግን አዋጁን ተከትሎ በሚወጣ ደንብ የሚስተካከል ስለሆነ የድሮውን ቁጥር ይዛችሁ አትከራከሩ፣ አሁን የሚሰራበትን ጠይቁ።

ታርጋ ባለመያዝ የሚጠፋው ብዙ ነው። ሙሉውን ባትይዙ እንኳ ኮዱን፣ ቀለሙን፣ ባጃጅ ከሆነ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ያዙ። ሱቅና ባንክ በር ላይ ካሜራ ስላለ ሳይጠፋ ለፖሊስ ጠቁሙ። ያላያችሁትን ታርጋ ግን ገምታችሁ አትስጡ።

የቋሚ ጉዳት መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ቁስሉ ሳይድን ተቻኩሎ የጉዳቱን ፐርሰንት ማስሞላት ራስን መጉዳት ነው፣ ሐኪሙ ሕክምናው አልቋል እስኪል ጠብቁ።

"ፈንዱ ከከፈለኝ ባለመኪናውን መክሰስ አልችልም" የሚሉም አሉ። ልክ አይደለም። ባለመኪናው ከተገኘ ከዛ በላይ ለሆነው ጉዳት በፍትሐብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሰረት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ይጠየቃል። ግን በቁጥር 2143 ክሱ በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ "ልጁ ይዳንና" እየተባለ ቀኑ ያልፋል።

ሞተሬ ተሰባበረ፣ የጫንኩት ቡና ፈሰሰ ብላችሁ ፈንዱ ጋ አትድከሙ፣ የሰው አካልና ሕይወት ላይ ነው የሚከፍለው። ለንብረቱ ባለመኪናውን ነው የምትጠይቁት።

የመጨረሻው ወረቀት ነው። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ብሎ ከካሳው ፐርሰንት ለሚጠይቅ ሰው ኦሪጅናል ዶክመንት አትስጡ። ሰው ከሞተም የሞት ማስረጃና ቤተሰብነታችሁን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወረቀት ቀድማችሁ አውጡ። እዚህ የፖሊስ ሪፖርት በአፋን ኦሮሞ ስለሚጻፍ የሚቀበላችሁ መስሪያ ቤት ትርጉም ይፈልግ እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፣ የምታስገቡትን ሁሉ ኮፒ አስቀሩ፣ ስታስገቡም የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ።