አዲስ ቀለሃ ገዝታችሁ ቀጥታ ባሩድ እንዳትሞሉበት

ሰላም ወገን። አሜሪካ ሆናችሁ አደን የምትወጡ ወይ ሬንጅ የምታዘወትሩ፣ የጥይት ዋጋ አልቀመስ ሲል በቃ እቤቴ ራሴ ልሙላ ማለታችሁ አይቀርም፣ እና ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ባሩዱ ነው፣ የቱ ይሻላል ስንት ግሬን (የባሩድ መመዘኛ ነው) ይገባል ምናምን። ቀለሃውን ማንም አይጠይቅም። አዲስ ነው፣ ታሽጎ ነው የመጣው፣ ምን ያስፈልገዋል ይባላል። ያስፈልገዋል። ግን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ እንደምታዩት አንዷን ቀለሃ ግማሽ ቀን የሚያስፈጅ ነገርም የለውም። ምሳሌ የማደርገው 308 ዊንቸስተር የሚባለውን የጥይት አይነት ነው ምክንያቱም ብዙ ሰው እሱ ነው ያለው፣ ቁጥሮቹም የሱ ናቸው፣ ሌላ ካሊበር የያዛችሁ የራሳችሁን ልክ ከሪሎዲንግ ማንዋል (የጥይት መሙያ ልኮች ካሉበት መፅሐፍ) አውጡ።

የህጉን ነገር ቶሎ ልበለውና ልለፈው፣ በፌደራል ህግ ለራሳችሁ መተኮሻ ስትሞሉ ላይሰንስ አትጠየቁም፣ ሞልቶ መሸጥን ስራ ማድረግ ግን ላይሰንስ ይፈልጋል፣ የየስቴቱ ህግ ደግሞ ስለሚለያይ የራሳችሁን ስቴት እዩ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ እዛ መሳሪያውም ጥይቱም በአዋጅ 1177/2012 ነው የሚገዛው፣ ይሄን አንብባችሁ እንዳትሞክሩ።

እሺ፣ ቀለሃው መጣ። መጀመሪያ ጥሩ መብራት ስር አንድ በአንድ እዩት። ከላይ አፉ አካባቢ ጎድጎድ ያለ ወይ ሞላላ የሆነ ታገኛላችሁ፣ በተለይ በከረጢት ተጠቅጥቆ ከመጣ፣ እሱ ችግር የለውም ዳዩ (ቀለሃው ተገፍቶ ሲገባ ቅርፁን የሚያስይዘው የብረት ቅርፅ ማውጫ) ያስተካክለዋል። ስንጥቅ ያለው ግን ወዲያው ይጣል። ከዛ ገልብጣችሁ በስሩ ወደ መብራት እዩበት፣ የፕራይመሩ (ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ክፍል) እሳት የሚያልፍባት ቀዳዳ አለች አይደል፣ ፍላሽ ሆል የሚሏት፣ አንድ ብቻ ሆና መሀል ላይ መሆን አለባት። ከፋብሪካ ጭራሽ ሳትበሳ የምትመጣም አለች፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም ማየቱ ሰከንድ ነው የሚፈጀው። አንገቱ (አረሩ የሚገባበት ጠባቡ ጫፍ) እና ትከሻው (አካሉ ወደ አንገቱ የሚጠብበት) ላይ ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ካያችሁ ደግሞ ተቃጥሎብኛል ብላችሁ እንዳትመልሱት። እሱ ናሱ እንዲለሰልስ ፋብሪካ ውስጥ በእሳት የተመታበት ምልክት ነው፣ የፊንላንዱ ላፑዋ ሳይጠርገው ነው የሚልከው፣ ሌሎቹም ያደርጉታል ግን አፅድተውት ስለሚመጣ አታዩትም።

ማጠብ? አዲስ ከሆነ አያስፈልግም። ካጠባችሁም በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ ብቻ፣ አሞኒያ ያለበት የብረት ማፅጃ ግን በፍፁም። ናስ 70 ከመቶ መዳብ 30 ከመቶ ዚንክ ነው፣ አሞኒያ ሲነካው ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል። ድሮ ህንድ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በክረምት ጥይቱን የፈረስ ጋጣ ውስጥ እያስቀመጠ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ ቀለሃውን ሰነጣጥቆበታል፣ ወሬ አይደለም የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሁሉ የሚማረው ነው። ለማድረቅም ኦቨን ውስጥ አትክተቱት፣ ሙቀቱ ከበዛ የቀለሃው መቀመጫ ይለሰልሳል፣ ያ ክፍል ደግሞ ግፊቱን ችሎ የሚይዘው ስለሆነ ጠንካራ ሆኖ መቅረት አለበት። አየር ላይ ይድረቅ።

አሁን ዋናው ነገር፣ አንገቱ። አረሩን ጨብጦ የሚይዘው እሱ ነው፣ ክብ ካልሆነና ሁሉም ላይ እኩል ካልጨበጠ ባሩዱን በግሬን አስረኛ ብትመዝኑም ጥይቱ የዒላማው ወረቀት ላይ ይበተናል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ማንድረል የሚባለውን ለስላሳ ብረት ከውስጥ ማሳለፍ ነው፣ ለ308 ወደ 0.306 ኢንች የሆነውን፣ አረሩ 0.308 ስለሆነ 2 ሺኛ ኢንች አካባቢ ይጨብጠዋል፣ ለአዲስ ቀለሃ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ሁለተኛው ፉል ሌንግዝ ዳይ (ሙሉ ቀለሃውን የሚያስተካክለው) ውስጥ መክተት ነው፣ አንገቱ በጣም ከተጎዳ ግድ ነው፣ ግን እዚ ጋ ጠንቀቅ በሉ፣ አዲስ ቀለሃ ትከሻው ድሮውንም ከቻምበራችሁ (ጠመንጃው ውስጥ ጥይቱ ከሚቀመጥበት) ትንሽ አጠር ብሎ ነው የሚመጣው፣ እና ዳዩን እስከ ታች አጥብቃችሁ ትከሻውን ይበልጥ ወደ ኋላ ከገፋችሁት ሲተኮስ ወደ ፊት ለመሄድ መለጠጥ አለበት፣ የሚለጠጠው ደግሞ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፣ እዛ ይሳሳል፣ ደጋግማችሁ ስትሞሉት ለሁለት ይበጠሳል። ስለዚ ዳዩን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፣ አንገቱን ብቻ እስኪያስተካክል።

በየትኛውም ቢሆን ቅባት ሳትቀቡ እንዳትሞክሩት። በጣት ጫፍ ትንሽ የሳይዚንግ ሰም አካሉ ላይ፣ አንገቱ ውስጥ ደግሞ በኮተን ቡድ ነካ። ካነሰ ዳዩ ውስጥ ይቀረቀራል፣ እና እሱን የማውጣት ጣጣ ሌላ ነው፣ ከበዛ ደግሞ ትከሻው ላይ ተጠራቅሞ ጎድጓዳ ይሰራል። ሲያልቅ አልኮል ባለው ጨርቅ ጥርግ አድርጉት፣ ይሄን የሚዘሉ አሉ፣ ቅባት ያለበት ቀለሃ ሲተኮስ የቻምበሩን ግድግዳ ስለማይዝ ጉልበቱ በሙሉ ቻምበሩን ከኋላ በሚዘጋው ቦልት ላይ ያርፋል።

ርዝመቱን የምትለኩት ከዚ በኋላ ነው፣ ከዳዩ በፊት አይደለም፣ ምክንያቱም ሲታሽ ትንሽ ይረዝማል። የ308 ጣሪያው 2.015 ኢንች ነው፣ ሲቆረጥ ወደ 2.005 ይወርዳል። አዲስ ከሆነ አብዛኛው ከጣሪያው በታች ስለሚሆን መቁረጥ ላያስፈልገው ይችላል፣ የሚያልፍ ካለ ግን ይቆረጥ፣ የረዘመ አንገት ቻምበሩ ጫፍ ላይ ይደገፍና አረሩን ያንቀዋል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል። እኩል እንዲሆኑልኝ ብላችሁ ሁሉንም መቁረጥ ከፈለጋችሁም መብታችሁ ነው፣ ለአደን ግን ልዩነቱን አታዩትም።

ከዛ አፉን፣ ውስጡን በቻምፈር ውጪውን በዲበሪንግ (ሹል ጠርዙን የሚያለሰልሱ የእጅ መሳሪያዎች ናቸው)፣ እርሳስ እንደመቅረፅ ሁለት ሶስቴ ለስለስ አድርጎ ማዞር ብቻ። ቢላ እስኪሆን አትሳሉት። ቀለሃው ባይቆረጥም ይሄን አድርጉት፣ ከፋብሪካ ሻካራ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ካላለሰለሳችሁት አረሩ ሲገባ መዳቡን ይልጠዋል። ብናኙን አራግፉ።

የፕራይመር ቤቱን በመሳሪያ መፋቅ፣ ፍላሽ ሆሉን ከውስጥ መጥረግ፣ ቀለሃዎቹን በሚዛን መለየት፣ እነዚህ ሁሉ ሺ ያርድ ለሚወዳደር ሰው ናቸው። ፍላሽ ሆሉ ውስጥ የተንጠለጠለ ብረት ካያችሁ ጥረጉት፣ ካላያችሁ ተዉት። አንድ የማትዘሉት ነገር ቢኖር የፕራይመር አይነት ነው፣ 308 አብዛኛው ላርጅ ራይፍል (ትልቁን) ነው የሚወስደው፣ ግን ላፑዋ ፓልማ የሚለው ስሞል ራይፍል (ትንሹን) ነው፣ ሳታዩ ገዝታችሁ ከሆነ ሳጥኑን አንብቡ።

አንዱ ሲያልቅ ባዶውን፣ ፕራይመርም ባሩድም ሳይኖረው፣ ጠመንጃችሁ ውስጥ ከታችሁ ቦልቱን ዝጉት። ያለትግል መዘጋት አለበት። ካስቸገረ ርዝመቱን ወይ አንገቱን እንደገና እዩ፣ መቶውንም ከመስራታችሁ በፊት ማለቴ ነው።

ብራንድ አትቀላቅሉ። የላፑዋ ቀለሃ ከዊንቸስተር ይከብዳል፣ የሚሊተሪውም እንደዛው ወፍራም ነው፣ ውጪው ተመሳሳይ ሆኖ ወፍራሙ ውስጡ ይጠባል፣ ስለዚ በአንዱ የለመዳችሁትን የባሩድ ልክ ወደ ሌላው መገልበጥ ግፊቱን ከልክ በላይ ከፍ ያደርገዋል። አዲስ ቀለሃ በገዛችሁ ቁጥር ማንዋሉ ላይ ካለው መነሻ ልክ ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ ሂዱ። ሳጥኑ ላይ ብራንዱን፣ ሎት ቁጥሩን (የምርት ዙሩን ቁጥር) እና ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ በማርከር ፃፉ። የመጀመሪያው ተኩስ ላይ ቀለሃው ገና የቻምበራችሁን ቅርፅ እየያዘ ስለሆነ ግሩፑ (ዒላማው ላይ የቀዳዳዎቹ ስርጭት) ትንሽ ቢሰፋ ስኮፑን መነካካት አትጀምሩ፣ የተተኮሰውን ትከሻ በኮምፓሬተር (ከመቀመጫው እስከ ትከሻው በሚለካው መሳሪያ) ለኩትና ቁጥሩን እዛው ሳጥን ላይ ፃፉት፣ ለሁለተኛው ዙር ዳዩን የምታስሩት በሱ ነው።